የነጩ አይጥ ቀይ ዓይን

ስለ ጠጕርና ስለ ዓይን ቀለም ውርስ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር




ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ አይጥ ነው። ርእሱ ሲነገር አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል። በአገራችን ስለ አይጥ የሚነገረው ወይ ስለ ጎተራው ጉዳት ወይ ስለ ድመቷ ጀግንነት ነውና አይፈረድባችሁም። ይሁን እንጂ ሳይንስ ከዚህ ከተናቀ እንስሳ ጠጕርና ዓይን ላይ ያነበበው ሕግ በበሬያችን ቆዳ፣ በዶሮአችን ላባ፣ ከሁሉም ይልቅ በሰው ልጅ ገላ ላይ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃዎች ጆሮአችሁን እንድታውሱን እንለምናለን።

ንግግራችን ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያ የአይጥ ጠጕር ቀለም እንዴት እንደሚወረስ፤ በሁለተኛው የነጩ አይጥ ዓይን ስለምን ቀይ እንደሆነና ይህም ለቤተ ሙከራ ሥራ ምን ትርጉም እንዳለው፤ በሦስተኛው ይኸው ሕግ በሰው ዘንድ ሲታይ ከእኛ ከተማሪዎች ምን እንደሚጠበቅ እንናገራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩ኛ፤ ስለ ጠጕር ቀለም

አስቀድመን እንስሳውን እንለይ። አማርኛ ትንሿንም ትልቁንም አይጥ ይላል፤ ትልቁን ለይቶ መጥራት ሲፈልግ አይጠ መጎጥ ይለዋል። የዛሬው ነገራችን ስለ ትልቁ ነው፤ ለአነጋገር እንዲቀለን ግን አይጥ እያልን እንቀጥላለን። በጎንደር ቤቶች ጣራ ሥር ሌሊት የሚሮጠው አይጥና በቤተ ሙከራ የሚረባው አይጥ ዘመዳሞች ቢሆኑም ዝርያቸው የተለያየ ነው። የጣራው ራቱስ ራቱስ ይባላል። የቤተ ሙከራው ደግሞ ራቱስ ኖርቬጂከስ ሲሆን መነሻው ምሥራቅ እስያ ነው።

ይህ ሁለተኛው በሌላው ዓለም ከቤት እንስሳት ጋራ ከተቈጠረ ቆይቷል። በጃፓን አገር በ1775 እና በ1787 የታተሙ ሁለት መጻሕፍት አይጥን እንዴት እንደሚያረቡና የተለያየ ቀለም ያላቸውን እንዴት እንደሚያገኙ ለባለቤቶች ያስተምሩ ነበር። በእንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት አይጥ በመያዝ ሥራ የሚተዳደረው ጃክ ብላክ ያልተለመደ ቀለም ያላቸውን ሲያገኝ ሳይገድል ያረባቸውና ይሸጣቸው ነበር። በ1901 ደግሞ ሜሪ ዳግላስ የተባለች እመቤት በኤይልስበሪ ከተማ በተደረገ ትርኢት አይጦች በውበት እንዲወዳደሩ አድርጋ የራስዋም አይጥ ተሸለመ። ከዚያ ወዲህ እነሆ ጥቁሩ፣ ቡናማው፣ የሰም ቀለም ያለው፣ ዝንጉርጉሩ፣ ዓይኑ ጥቁር የሆነው፣ ዓይኑ እንደ ፍም የቀላው አይጥ በልጆች እጅ ይታቀፋል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ቢመስልም፤ ቀለምን አይቶ መለየትስ ለገበሬያችን አዲስ ነገር አይደለም። የደባርቅና የዳባት ገበያ ላይ የቆመ ሰው ፈረሱን ዳማ፣ ቡላ፣ አምባላይ፤ በሬውን ቡሬ፣ ቦራ፣ ዳለቻ፤ ዶሮዋን ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዛጎልማ እያለ ሲጠራ ይሰማል። ለያንዳንዱ ቀለም ስም ያወጣ ሕዝብ ቀለሞቹን በዓይኑ የመረመረ ሕዝብ ነው። ከጥቁር ላምና ከጥቁር ኮርማ ቀይ ጥጃ ቢወለድም «ቅም አያቱን መሰለ» ብሎ ያልፈዋል። በዚህች አጭር ቃል ውስጥ ትልቅ ሳይንስ አለባት፤ ይኸውም አንድ ቀለም ከዓይን ተሰውሮ በደም ውስጥ ቆይቶ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

የአውሮፓ ሊቃውንት ይህንኑ በአይጥ ላይ በቍጥር ያረጋገጡት ቀስ በቀስ ነው። ጀርመናዊው ሁጎ ክራምፕ ከ1877 ጀምሮ ግራጫና ነጭ አይጦችን እያዳቀለ ውጤቱን ጻፈ። የአተሩ መነኵሴ ግሬጎር ሜንደል የውርስን ሕግ በ1866 አትሞት ነበር፤ ነገር ግን እስከ 1900 ድረስ የሚገባውን አንባቢ ስላላገኘ ክራምፕም ቍጥሮቹን የሚተረጕምበት መክፈቻ በእጁ አልነበረም። መክፈቻው ከተገኘ በኋላ ግን አይጥ ለዚህ ጥናት የተመቸ ሆኖ ተገኘ። እንስቷ ከ21 እስከ 23 ቀን ባለው ጊዜ ትወልዳለች፤ ልጆቿም ሁለት ወር ሳይሞላቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ስለዚህ ከላም ሃያ ዓመት የሚፈልገው ጥናት ከአይጥ በአንድ ዓመት ይገኛል።

እንግዲህ ሕጉን እንመልከት። እያንዳንዱ አይጥ ለያንዳንዱ ዘረ መል ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱን ከእናት፣ ሌላውን ከአባት ይወርሳል። ሁለቱ ቅጂዎች ሲለያዩ ጠባዩን በገሃድ የሚያሳየውን ገዥ፣ ተሸፍኖ የሚኖረውን ድብቅ እንበለው። ድብቁ የሚታየው ሁለቱም ቅጂዎች ድብቅ ሲሆኑ ብቻ ነው።

በዱር የሚኖር አይጥ ከሩቅ ሲታይ ግራጫ ነው። አንዲት ጠጕሩን ነቅለን በማጉያ መነጽር ብንመለከት ግን ግራጫ የሚባል ቀለም አናገኝም፤ ጥቁርና ቢጫ በተራ በተራ ተሰልፈውባት እናያለን። ነገሩ እንደ ገብስማ ዶሮ ነው፤ ቅልቅሉ ከሩቅ አንድ መስሎ ይታያል። ይህን ተራ የሚያስጠብቅ አንድ ዘረ መል አለ። ሁለት ድብቅ ቅጂ የደረሰው አይጥ ቢጫው ይቀርበትና ከጫፍ እስከ ሥር ጥቁር ይሆናል። ሌላ ዘረ መል ጥቁሩን ወደ ቡናማ ይለውጣል። ሌላም ቀለሙ በገላ ላይ የት ድረስ እንዲዘረጋ ይወስናል፤ ከዚህም የተነሣ ራሱና ትከሻው ጥቁር፣ ጀርባው ላይ አንድ መስመር ወርዶበት የቀረው ገላው ነጭ የሆነ አይጥ ይወለዳል። የመነኵሴ ቆብ የደፋ ስለሚመስል ባለ ቆብ እንበለው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቀለሙን ራሱን የሚያበስለው ዘረ መል ነው። ሜላኒን የሚባለው ቀለም የሚሠራው ታይሮሲኔዝ በተባለ ኤንዛይም ነው። ይህ ኤንዛይም ከተበላሸ ጥቁርም ቡናማም ቢጫም አይገኝም፤ አይጡ ነጭ፣ ዓይኑም ቀይ ይሆናል። ይህን አልቢኖ ይሉታል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዘሩ የጠራ ጥቁር አይጥ፣ ቡናማነትን በስውር ከያዘች ነጭ አይጥ ጋራ ይዳቀል። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሁሉም ጥቁር ይሆናሉ። እነዚያ እርስ በርሳቸው ሲዋለዱ ግን ከ16ቱ የልጅ ልጆች በአማካይ 9 ጥቁር፣ 3 ቡናማ፣ 4 ነጭ ይወጣሉ። አራቱ ነጮች ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ በውስጣቸው ግን ሦስቱ ጥቁረትን፣ አንዱ ቡናማነትን ይዘዋል። እንግዲህ ነጭነቱ ከቀለሞች እንደ አንዱ የሚቈጠር አይደለም፤ ሌሎቹን ሁሉ የሸፈነ ክዳን ነው። ሸማኔን እናስብ። የጥለቱን ቅርጽ እጁ ያውቀዋል፤ ባለ ቀለም ክር ካልቀረበለት ግን ጥበቡ ነጭ በነጭ ሆኖ ይቀራል። ቅርጹ ያለ ቀለም ስለ ተሠራ ማንም አያየውም።

ይህ የሸማኔ ምሳሌ በእውነት የተረጋገጠ ነው። በ2012 የጃፓን ተመራማሪዎች ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ 117 የነጭ አይጥ ዘሮችን መርምረው ሁሉም በታይሮሲኔዝ ዘረ መል ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት እንዳለባቸው አገኙ። ከዚህም በላይ ሁሉም በነጭነታቸው ሥር ባለ ቆብነትን ተሸክመዋል። እንግዲህ የዓለም ቤተ ሙከራ ነጭ አይጦች ከጥንት ባለ ቆብ አይጦች መካከል ከተወለደ አንድ ነጭ ዘር የወረዱ ናቸው ማለት ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በፊላደልፊያ በዊስታር ተቋም የረባው ዝነኛ ዘርም ከዚሁ ወገን ነው።

ከዚህ ክፍል ሳንወጣ አሜሪካዊውን ዊልያም ካስልን እናንሣ። ካስል ባለ ቆብ አይጦችን ለብዙ ትውልድ እየመረጠ ከአንደኛው ወገን ጥቁረቱ እየሰፋ፣ ከሁለተኛው እየጠበበ እንዲሄድ አደረገ። በዚህም ዘረ መሉ ራሱ በመረጣ ብዛት ይለወጣል ብሎ ብዙ ዓመት ተከራከረ። በኋላ ግን ሁለቱን ወገኖች ካልተመረጡ አይጦች ጋራ ደጋግሞ ሲያዳቅላቸው ልዩነቱ እየጠፋ ሄደ፤ ተለዋዋጮቹ ሌሎች ረዳት ዘረ መሎች መሆናቸው ታወቀ። ካስልም በ1919 የቀድሞ አሳቡን በአደባባይ ተወ። ለእኛ ለተማሪዎች ከቆቡ ይልቅ የሰውየው ጠባይ ትምህርት ይሆነናል።

፪ኛ፤ ስለ ዓይን

የነጩ አይጥ ዓይን ስለምን ይቀላል? በዓይኑ ውስጥ ቀይ ቀለም ስላለ አይደለም። በጤነኛ ዓይን ውስጥ ሜላኒን እንደ መጋረጃ ሆኖ ትርፍ ብርሃን ይውጣል። መጋረጃው ሲታጣ ግን ብርሃኑ በኋላ ካሉት የደም ሥሮች ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ የምናየውም የደሙን ቅላት ነው።

የሜላኒን መጥፋት ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ጽንሱ በሚያድግበት ጊዜ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱ የነርቭ ክሮች መንገዳቸውን በትክክል እንዲይዙ የሜላኒን መኖር ያስፈልጋል፤ በአልቢኖ ግን አንዳንዶቹ ክሮች ወደማይገባቸው ወገን ይሻገራሉ። በዚህም ምክንያት የነጩ አይጥ ዓይን ነገርን አጥርቶ የማየት ኀይሉ ባለ ቀለሙ ካለው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ራሱን ቀጥ አድርጎ ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዝ የሚታየው፤ ርቀትን ለመለካት ሲጣጣር ነው ይባላል። ብርሃንም ይጎዳዋል። በ1966 ቨርነር ኖል የተባለ ተመራማሪ ሳይቋረጥ የበራ ተራ መብራት እንኳ የነጭ አይጥን ሬቲና እንደሚያጠፋ አሳይቷል።

በስሜን ተራሮች ሣር ውስጥ የሚኖሩትን አይጦች ብናስብ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። ቀይ ቀበሮ ከምድር፣ ጭልፊት ከሰማይ በሚጠብቁበት ሜዳ አፈር የመሰለ ጠጕርና ጥሩ ዓይን የሌለው አይጥ ዕድሜው አጭር ነው። ነጩ አይጥ ዘሩን ያቆየው የሰው እጅ በፍርግርግ ውስጥ ስለ መገበው ነው።

ይህ ነገር ለዩኒቬርሲቲያችን ቅርብ ነው። በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቬርሲቲ የባህል መድኃኒት ዕፀዋትን ፈዋሽነትና መርዛማነት ይመረምራል፤ ከዚህ የሚወጡት ጽሑፎችም በአብዛኛው ነጭ አይጦች መጠቀማቸውን ይናገራሉ። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የውርስን ሕግ ያወቀ ተማሪ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ይገባዋል።

የመጀመሪያው እንዲህ ነው። አይጡ በግርግዳ ላይ ያለ ምልክት አይቶ መንገድ እንዲያገኝ የሚጠይቅ ፈተና ሲደረግና አይጡ ሲሳሳት፤ የደከመው የማስታወስ ኀይሉ ነው ወይስ ዓይኑ? ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። አንዳንድ መድኃኒቶች ከሜላኒን ጋራ ይጣበቃሉ። ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን ከነዚህ አንዱ ነው፤ ባለ ቀለም በሆነ ዓይን ውስጥ ይከማቻል፤ ለረጅም ዘመን በብዛት የወሰዱት ሰዎችም ሬቲናቸው ሊጎዳ እንደሚችል የታወቀ ነው። በነጭ አይጥ ዓይን ውስጥ ግን የሚጣበቅበት ሜላኒን የለም። እንግዲህ ዓይነ ጥቁር ለሆነ ሕዝብ የሚሰጥ መድኃኒት በዓይነ ቀይ አይጥ ብቻ ተፈትኖ «ዓይን አይጎዳም» ቢባል፤ ማስረጃው ጎደሎ ነው። ስለዚህ ጥናቱ ዓይንን የሚነካ ሲሆን ከነጮቹ ጎን ባለ ቀለም አይጦች ቢገቡ መልካም ነው እንላለን። የቤቱ መብራትም መጠነኛ ቢሆን፤ በፍርግርጉ ውስጥ መጠለያ ጥላ ቢኖር፤ ለእንስሳውም ምሕረት፤ ለጥናቱም ጥራት ነው።

፫ኛ፤ ስለ ሰው

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። አልቢኖ ሆኖ መወለድ በሰውም ዘንድ አለ፤ የሚወረስበትም ሕግ በአይጥ ያየነው ነው። አባትም እናትም ጠጕራቸው ጥቁር፣ ዓይናቸው ጥቁር ሆኖ እያለ እያንዳንዳቸው አንድ ድብቅ ቅጂ ይዘው ሊኖሩ ይችላሉ። በየእርግዝናው ልጁ ሁለቱን ድብቅ ቅጂዎች የሚወርስበት ዕድል ከአራት አንድ ነው።

የነጩ አይጥ ስሕተት በታይሮሲኔዝ ላይ መሆኑን ተናግረናል። ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች የሚበዛው ግን ሌላ ነው፤ ኦ.ሲ.ኤ.2 በተባለ ዘረ መል ላይ የሚደርስ ጕድለት ነው። ይህም በአይጥ ዘንድ አቻ አለው። ጠጕሩ የሰም ቀለም፣ ዓይኑ ቀይ የሆነው አይጥ በዚሁ ዘረ መል የተነሣ የተወለደ ነው። ነጩን አይጥ ከዚህ ከሰምማው ጋራ ብናዳቅላቸው ግሩም ነገር እናያለን፤ ሁለቱም ቀይ ዓይን ሳላቸው ልጆቻቸው ዓይነ ጥቁርና ባለ ቀለም ይሆናሉ። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታልና። በሰውም ይህ ታይቷል። በ1952 እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ፓትሪክ ትሬቮር-ሮፐር ሁለት አልቢኖ ባልና ሚስት ጤነኛ ቀለም ያላቸው ልጆች መውለዳቸውን ጽፏል።

ይህ ሁሉ ስለምን ያስፈልገናል? በየሰፈሩ ነጭ ልጅ ስትወለድ መጀመሪያ በጥርጣሬ የምትታየው እናትየዋ ስለሆነች ነው። አንዱ ታማኝነቷን ይጠራጠራል፤ ሌላው እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው ለምጽ ነው ብሎ ከልጅቱ ጋራ መብላት ይፈራል። አባቶች «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላሉ፤ እንዲህ ላለው ፍርድ የሚስማማ ተረት ነው። ለምጽ በኋላ የሚመጣ የቆዳ ሕመም ነው፤ አልቢኖነት ግን ከጽንስ ጀምሮ ያለ ውርስ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ውርሱም ከእናት ብቻ የመጣ አይደለም፤ አባትዬውም እኩል ካልሰጠ ልጅቱ እንዲያ ሆና አትወለድም። እንግዲህ ጠጕሯ የነጣው ልጅ የአባቷ ልጅነት በሳይንስ አይሻርም፤ እንዲያውም ከእርሱ የወረሰችውን በገላዋ ትመሰክራለች።

በዚህ ነገር የገዛ መጻሕፍታችንም ዝም አላሉም። በግእዝ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀልን፤ በ1770 ጎንደር የገባው ጀምስ ብሩስም ቅጂዎቹን በ1773 ወደ አውሮፓ የወሰደው መጽሐፈ ሄኖክ የኖኅን ልደት ይተርካል። ሕፃኑ ገላው እጅግ የነጣና የቀላ፣ ጠጕሩ ነጭ፣ ዓይኑም የሚያበራ ሆኖ ስለ ተወለደ አባቱ ላሜሕ ፈራ፤ የራሱ ልጅ መሆኑንም ተጠራጠረ። ነገሩ በማቱሳላ በኩል ወደ ሄኖክ ደረሰ፤ መልሱም ሕፃኑ በእውነት የላሜሕ ልጅ ነው የሚል ሆነ። በ1958 አርኖልድ ሶርስቢ የተባለ የዓይን ሐኪም ይህን ታሪክ የአልቢኖ ልደት ነው ብሎ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ጽፏል። እኛ የሊቃውንትን ትርጓሜ ለሊቃውንት ትተን፤ አንዱን ነገር ብቻ እንይዛለን። ጥርጣሬው ጥንታዊ ነው፤ መልሱም እንዲሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ሥራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2014 ወስኖ ጁን 13 ቀን ስለ አልቢኒዝም ትምህርት የሚሰጥበት ቀን እንዲሆን አድርጓል። ቀኑ በሰኔ መጀመሪያ ይውላል። እኛ ግን ቀን ሳንጠብቅ ልናደርገው የምንችለው ሦስት ነገር አለ።

አንደኛ፤ ፀሐይ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላት፤ ደባርቅ ከዚያም ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የደጋው ብርድ ፀሐዩን ያስረሳል እንጂ አያበርደውም። ሜላኒን የሌለው ቆዳ ቶሎ ይቃጠላል፤ ውሎ አድሮም ለቆዳ ካንሰር ይጋለጣል። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ጥላ፣ ለቆዳ የሚቀባ የፀሐይ መከላከያ፤ እነዚህ ለአልቢኖ ልጅ እንደ ጫማ የሚያስፈልጉ ናቸው። ከኛ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሠማራው ይህን ለወላጆች ከመጀመሪያው ቀን ይንገር።

ሁለተኛ፤ ትምህርት ቤት። የነርቭ ክሮቹ ጕዳይ በሰውም ዘንድ አንድ ነው፤ የልጁ ዓይን ይንቀጠቀጣል፤ መነጽር ቢረዳውም እይታውን ሙሉ በሙሉ አያቃናለትም። በኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰሌዳ ማንበብ የተሳነው ልጅ ሰነፍ ተብሎ ከትምህርት ይወጣል። ከኛ መምህር የሚሆነው እንዲህ ያለውን ልጅ ከፊት ወንበር፣ ከመስኮት ብርሃን ራቅ አድርጎ ያስቀምጠው፤ ጽሑፉንም አጉልቶ ይስጠው። ይህ ገንዘብ አይፈልግም።

ሦስተኛ፤ አንደበት። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ በቡና ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ ዝም ብለን አንለፈው። ሽማግሌን በማክበር፤ በጥጃውና በቅም አያቱ ምሳሌ እናስረዳ። ለፈረሱና ለዶሮው ቀለም ያን ያህል ስም ያወጣው፤ ቀዩን ጥጃ «ቅም አያቱን መሰለ» ብሎ በሰላም የተቀበለው ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ለጥጃ የተሰጠው ፍርድ ለሕፃን እንዳይነፈግ ብቻ እንለምነው።

 ጥያቄ ያላችሁ እንድትጠይቁን፤ ተቃውሞ ያላችሁም እንድትናገሩ እንጋብዛለን።